ለካቴና የተቀመጡ ሽማግሌዎች

“ሳይበጠስ ቀይረው” የሚል ምክር በሰማሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ይሄዳል። የጥርስ ሐኪምም፣ ጣሪያ ሠሪም፣ መካኒክም ይህን ምክር ይወዱታል። ሰምተሃቸው ነገሩ ደህና ከቆየ “ደህና የቆየው ስለቀየርከው ነው” ይሉሃል፤ ሳትሰማቸው ደህና ከቆየ ደግሞ “ቀኑ አልደረሰም” ይሉሃል። በየትም በኩል የማይሸነፍ ክርክር አልወድም፤ ከጀርባው የሚሸጥ ነገር አያጣም። ይሁንና ይህንኑ ጥርጣሬዬን የሚጋሩ ሰዎች በሥርዓት ተሰብስበው፣ በደንብ መርምረው፣ ምክንያታቸውን አንድ በአንድ ተናግረው፣ ፍጹም የተገላቢጦሽ ፍርድ ሲሰጡ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። የሆነው ከሚሴ ነው፤ በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ እኔ ደሴ ትምህርቴን ጨርሼ ምደባ እየጠበቅሁ በአጎቴ መጋዘን እህል ሳስመዝን በከረምኩበት ጊዜ።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው። የማሽላና የጤፍ ነጋዴ ነበሩ። መካ ደርሰው ስለተመለሱ ከተማው በሙሉ ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም ሐጂ ነው የምላቸው። ጣልያን ጥሎት ከሄደው ብረታ ብረት መካከል አንድ የጭነት መኪና በስንት እጅ ዞሮ እሳቸው ዘንድ ደርሶ ነበር። እሑድ ማሽላ ጭኖ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ባቲ ይወርዳል፤ ሰኞ ገበያው ይውላል፤ ሲመለስ ጨውና ቆዳ፣ ከላይ ደግሞ ሰው ይጭናል። ሐጂ ለመኪናው ያላቸው ፍቅር ባል በሁለተኛ ሚስቱ ላይ ያለው ዓይነት ነበር፤ ይሳሱላታል፤ አያምኗትም።

ሹፌሩ ከምጽዋ በኩል የመጣ፣ በጣልያን ጋራዥ ሙያ የቀሰመ፣ ወሬ የሚያበዛ ሰው ነበር። በዓለም ላይ ያለ ሞተር ሁሉ እሱን በስሙ የሚጠራው ይመስለዋል። ሲራገም በጣልያንኛ ነው፤ ሲምል ግን በአላህ ነው። ከሚሴ ውስጥ አግብቶ ነበር፤ የአማቱ ቤት ከመጋዘናችን ማዶ ነው። አማቱ ጭምት የጨፋ ሸለቆ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ለመንገደኛ ሲሰጡ ሰው ሁሉ “ተው፣ አገሩ የማይታወቅ ሰው ነው” ብሏቸው፣ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ነበር የዳሩት። ስለዚህ ሹፌሩ በከተማው ውስጥ የነበረው ክብር እንደ ውሰት ዕቃ ነው፤ በእጁ ነው እንጂ የእሱ አልነበረም።

አሁን ስለ ቺንጊያና ስለ ካቴና ልናገር፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። ቺንጊያ ማለት ከሞተሩ ፊት የሚዞረው የጎማ ቀበቶ ነው፤ ማራገቢያውንና ዲናሞውን ያዞራል። ከውጭ የሚታይ ነገር ስለሆነ ማንም ሰው ሊፈርደው ይችላል። ጎኑ ሲሰነጣጠቅ፣ ጠርዙ እንደ አሮጌ ነጠላ ሲተረተር፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ዝም ብሎ ሲረግብ፣ ጊዜው ደርሷል። ሳይቀየር ቢበጠስም ሞተሩ ይግላል፣ ራዲያተሩ ይፈላል፣ ሹፌሩ ይቆማል፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ካቴና ግን በሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ ከክዳን ሥር የሚኖር ሰንሰለት ነው። የታችኛውን ዘንግ ከላይኛው ያያይዛል፤ ነዳጅ የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚያዘው እሱ ነው። አይታይም። ማርጀቱ የሚታወቀው በጆሮ ነው፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ከፊት በኩል ሰንሰለት በቆርቆሮ ላይ እንደሚጎተት ይንሿሿል። ከዚያ ይሞቅና ዝም ይላል። ሰው የሚያሞኘው ይኼ ዝምታው ነው።

በቺንጊያ ረገድ ሐጂ ራሳቸውን እንደ ሊቅ ይቆጥሩ ነበር። አንድ ጊዜ ከሐርቡ አለፍ ብሎ ቺንጊያው ተበጥሶ ቆሙ። ትርፍ አልነበረም። በአቅራቢያው የሚያርስ ገበሬ ነበርና ከሱ ላይ ጠፍር ገዙ፤ ሹፌሩ ጠፍሩን ገምዶ፣ አስሮ፣ በየመንገዱ እየወረደ እያጠበቀ ኮምቦልቻ አደረሳቸው። ሹፌሩ ከዚህ የተማረው የራሱን ብልሃት ነው። ሐጂ የተማሩት ግን ፈረንጅ በውድ የሚሸጠውን ሁሉ የጨፋ በሬ ቆዳ እንደሚተካው ነው። ይህንን ለሚመጣ ለሚሄደው ሁሉ ይናገሩ ነበር።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ሲያዳምጥ ቆየና ወደ መጋዘኑ መጣ።

“ሐጂ፣ ይኼ ካቴና አልቋል። ረዝሟል።”

“ብረት ይረዝማል እንዴ?”

“ይረዝማል።”

“እኔ ሲረዝም ያየሁት የሰው ምላስ ነው።”

“አንቱ ቢስቁም ይረዝማል። አንድ ቀን ጥርስ ይዘላል ወይም ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ ሞተሩን ይዞት ነው የሚሄደው። ሳይበጠስ እንቀይረው።”

ሐጂ ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ። በእኛ አገር ያልሞተን ነገር ይሞታል ማለት ሟርት ነው። ስለ ሰው አይባልም፤ ስለ ከብት አይባልም፤ ስለ መኪና እንደማይባል የወሰኑት ያን ጠዋት ይመስለኛል። በሚቀጥለው ጉዞ ኮምቦልቻ ላይ መካኒክ አስጠርተው ሞተሩን አሰሙት። መካኒኩ ጆሮውን አስጠግቶ “ካቴናው አልቋል፣ ረዝሟል፣ ሳይበጠስ መቀየር አለበት” አለ።

ማታ ሐጂ ይህንኑ ሲያነሱልኝ ዓይናቸው ጠበበ።

“ቃል በቃል አንድ ነው። ልብ አልክ? ሁለት ምስክር ቃላቸው ከተለያየ አንዱ ዋሽቷል። ቃል በቃል ከገጠመ ግን ተማክረዋል።”

“ታዲያ ሐጂ፣ ምስክር እንዴት ሲናገር ነው የሚታመነው?”

“ዝም ሲል።”

እኔም ብሆን ሹፌሩን አላምነውም ነበር። በዚያ ጉዞ አብሬ ስለነበርኩ ሹፌሩና መካኒኩ ከጋራዡ ጓሮ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሲበሉ አይቻለሁ። ሥጋው ብዙ ነበር፤ ጫቱም ጥሩ ጫት ነበር፤ ከፋዩ ደግሞ ሹፌሩ አልነበረም። ሹፌሩ የለበሰው ጃኬት ከዚያ በፊት በመካኒኩ ትከሻ ላይ ያየሁት ነው። ይህንን ለሐጂ አልነገርኩም፤ መንገርም አላስፈለገኝም፣ ሳያዩ የሚያዩ ሰው ነበሩ።

ከመኪናው ጋር የመጣ አንድ በዘይት የራሰ መጽሐፍ ነበር፤ “አንተ የአስኳላ ሰው፣ ምን ይላል?” አሉኝ። ጣልያንኛውን ከማውቀው እንግሊዝኛ ጋር እያመሳሰልኩ፣ እየተንተባተብኩ አነበብኩላቸው። ይህን ያህል ርቀት ከተሄደ በኋላ ካቴናው ይታይ ይላል። የርቀት መቁጠሪያችን ግን ጣልያን ከአገር ሲወጣ አብሮ የወጣ ይመስላል፤ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

“መጽሐፉን የጻፈው ማነው?” አሉ ሐጂ።

“መኪናውን የሠሩት።”

“ካቴናውንስ የሚሸጠው?”

“እነሱው ናቸው።”

“በል ዝጋው።”

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፈላስፋ አንብቤያለሁ፤ ይህን የመሰለ አጭር ትችት አላገኘሁም።

ሐጂ ለሦስት ምሽት ያህል አሰላሰሉና ውሳኔያቸውን ተናገሩ። በሬ የሚገዛ ሰው የሻጩን ወሬ አይሰማም፤ የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። እንግዲያው መኪናው ይከፈት። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ፣ ሁለቱ በሚሾሙበት አገር ሳይሆን፣ ከሚሴ ላይ፣ በሽማግሌ ፊት ይከፈት። ካቴናው አርጅቶ ከተገኘ ይቀየራል። ካልሆነ ግን ሹፌሩ ሌባ ነው።

ይህ የመጨረሻው ቃል በተነገረ በሰዓቱ የአማቱ ቤት ደርሷል። ሹፌሩም ሰማ። “ደስ ይለኛል፣ ይከፈት” አለ፤ አንገቱ ግን ቀልቷል።

በተባለው ቀን መካኒኩ አዲስ ካቴና ከሁለት ጥርሳም መዘውሮቹ ጋር፣ ግሪስ በጠጣ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ከኮምቦልቻ መጣ። መኪናው ከመጋዘኑ ፊት ካለው ሾላ ሥር ቆመ። ሽማግሌዎቹ በቁርበትና በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንደኛው የመስጊዱ ሸህ ናቸው። አንደኛው ዕድሜውን በሙሉ ባቲ ገበያ ላይ ከብት ሲያሻሽጥ የኖረ ደላላ ነው፤ በኦሮምኛና በአማርኛ እያቀላቀለ የሚናገር፣ የበሬን ዕድሜ ከሩቅ በአረማመዱ የሚያውቅ የሚባልለት። ሦስተኛው የሹፌሩ አማት ናቸው። ሐጂ እሳቸውን መጥራታቸው ለፍትሕ ነው ቢሉም እኔ ለሥቃይ ይመስለኝ ነበር።

ዱዓ ተደረገ። ራዲያተሩ ወረደ፣ ቺንጊያው ተፈታ፣ የፊቱ ክዳን ተከፈተ። ዘይቱ በጨርቅ ሲጠረግ ሁለቱ መዘውሮችና በላያቸው የተጠመጠመው ሰንሰለት ብቅ አሉ።  ብዙዎቹ የሞተር ሆድ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

ደላላው ተነሳ፤ ጎንበስ ብሎ ጣቱን በመዘውሩ ጥርሶች ላይ አንድ በአንድ አሳለፈ።

“ኢልካን ኢሳ ላሊ” አለ ለሸሁ፤ ወዲያው ወደ እኛ ዞሮ በአማርኛ ደገመው። “ጥርሱን እዩት። ሹል ነው፤ እጅ ይወጋል። ይኼ ገና ወይፈን ነው።”

ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ዳሰሱት። እውነቱን ነው፣ ሹል ነበር። የከብት ጥርስ ሲያረጅ ይበላል፣ ያጥራል፣ ይደንዛል፤ ሹል ጥርስ የወጣት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በጨፋ ሸለቆ የለም። ብረት ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰንሰለቱ እየጎተተ የጥርሱን አንድ ጎን ስለሚበላው፣ ባረጀ ቁጥር እየሾለ፣ እንደ መንጠቆ እየጎበጠ ይሄዳል። ሹፌሩ ይህንን ለማስረዳት አፉን ከፈተ፤ ደላላው በእጁ አስቆመው።

“አንተ ቆይ። ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ነህ፤ የትኛው እንደሆንክ ገና አልለየም።”

መካኒኩ ወረቀቱን ፈትቶ አዲሱን መዘውር ከአሮጌው አጠገብ ያዘ። “ይኸው አዲሱ፤ አነጻጽሩ” አለ። የአዲሱ ጥርሶች አጫጭርና ጫፋቸው ድብልብል ነበሩ። ደላላው አያቸው፤ ዳሰሳቸው፤ ቀና ብሎ ሐጂን ተመለከተ።

“ሐጂ፣ ይኼማ ጥርሱ አልቋል። ያረጀች ላም አምጥተው በወይፈን ሊለውጡዎት ነው።”

ከኋላ ቆሞ የሚያየው ሰው አጉረመረመ። “ሶባ፣ ሶባ” አለ አንዱ፤ ውሸት ነው ማለቱ ነው። መካኒኩ በጣልያንኛ ተራገመ፤ ከሹፌሩ በቀር የሚገባው ሰው ስላልነበረ የጠቀመው ነገር አልነበረም። ተናድዶ አሮጌውን ካቴና ፈታና አንድ ጫፉን ይዞ በጎኑ ዘረጋው። እንደ ገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ረገበ። አዲሱን በዚያው አኳኋን ሲይዘው ቀጥ ብሎ ቆመ።

“ይኸው፣ አየር ላይ ተዘርግቶ መቆም አቅቶታል፤ መገጣጠሚያው ሁሉ ተበልቷል” አለ።

አሁን የተናገሩት አማትየው ናቸው። ለልጃቸው ባል ማድላት እንዳይመስልባቸው ነው መሰለኝ ድምፃቸውን ጠንከር አደረጉ። “እኔ ጠፍር አለፋለሁ። የለፋ ጠፍር እንደዚያኛው ነው የሚረግበው። እንደዚህኛው የሚገተረው ያልለፋ ነው፤ በሬ ሲስበው ይበጠሳል።”

ሐጂ በረጅሙ ተነፈሱ። ጠፍር ሲባል የሐርቡ ጉዞ ትዝ አላቸውና የሚጠብቀው ማስረጃ እንደመጣለት ሰው ተደላድለው ተቀመጡ።

“ሐጂ፣ ይኼ እኮ ቆዳ አይደለም፤ በሬም አይደለም” አልኩ።

“ጥርስ አለው ወይስ የለውም?” አለኝ ደላላው።

“አለው።”

“እንግዲያ?”

 ሰዎቹ ላይ ለመሳቅ ይህንን አልጻፍኩም። የማያውቁትን በሚያውቁት ለኩ፤ እኔም ከስንት መጽሐፍ በኋላ የማደርገው ከዚህ የተሻለ አይደለም። የገጠማቸው ችግር ብረቱ በእያንዳንዱ ምልክት ከከብት ተቃራኒ ሆኖ መፈጠሩ ነበር። እርጅናው ሁሉ በእነሱ ዓይን ወጣትነት ነው። ማስረጃው በበዛ ቁጥር ሹፌሩ ይበልጥ ሌባ ሆነ።

ሸሁ ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ማምራቱን አዩና የተለመደውን መፍትሔ አመጡ። “ይማል። ከማለ ሐጂ ካቴናውን ይቀይራል፣ ነገሩም ያበቃል። ካልማለ ቁልፉን ያስረክብ።” ቁርኣን መጣ። ሹፌሩ ታጥቦ ቀረበ፤ ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። ሸሁ የመሐላውን ቃል ተናገሩ። “ካቴናው አልቋል፤ እኔም ከዚህ ሥራ የማገኘው ጥቅም የለም በል።”

የሹፌሩ እጅ ከመጽሐፉ በላይ ቀረ።

“ያ ሸህ፣ የመጀመሪያውን ለብቻው ያስምሉኝ።”

“መሐላ አይቆረስም።”

“ካቴናው አልቋል። በዚህ እስከ ነገ እምላለሁ። ሁለተኛውን ተዉልኝ።”

“ለምን?”

ዝም አለ። ያ ሁሉ የሚለፈልፍ ሰው ዝም አለ። ሐጂ ዝምታን የሚያምኑት ለምስክር እንጂ ለተከሳሽ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ። እጃቸውን ዘረጉ፤ “ቁልፉን” አሉ። ሹፌሩ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። አማትየው ተነሱ፤ ቁርበታቸውን አራግፈው ማንንም ሳያዩ መንገዱን ተሻገሩ። በዚያው ቀን ልጃቸውን ከባሏ ቤት አስመጥተው ወደ ራሳቸው ቤት አስገቧት። “ስሙን አጥርቶ ይምጣ” ነበር ያሉት።

ሹፌሩ ብርድ ልብሱንና ሳህኑን ከጋቢናው ሲያወጣ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

“ለምን አልማልክም?” አልኩት።

“አንተ ምሳውን አይተህ የለ እንዴ?”

“አይቻለሁ።”

“እንግዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? ሥራ ባመጣሁለት ቁጥር ያበላኛል፤ ጫት ይገዛልኛል። ጃኬትም ሰጥቶኛል። በውሸት ቁርኣን ልምታ?”

“ታዲያ ሐጂ ልክ ናቸዋ።”

ብርድ ልብሱን ጠቀለለና በጉልበቱ ተጫነው። “ያ ደላላ ከገዢም ከሻጭም ይቀበላል። ባቲ ሙሉ ያውቃል። በዚያ ምክንያት በሬው በሬ መሆኑ ቀረ?”

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሰው ሁሉ የሚያስበው ጥቅም ያለው ሰው ይዋሻል ብሎ ነው፤ እኔም እንደዚያ እያሰብኩ ብዙ ጊዜ ልክ ሆኛለሁ። ግን ጥቅም ያለውም ሰው አንዳንዴ ዝናብ መጣ ሲል ዝናብ ይመጣል፤ ጃንጥላ ሻጭ ቢሆንም። ሌላም ነገር አለ። እውነተኛ ሌባ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ምሎ ካቴናውን ያስቀይር ነበር። ያን ቀን ከሾላው ሥር ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ወይም ያሰበው አልተናገረም።

አሮጌው ካቴና ተመልሶ ገባ፤ መካኒኩ እያጉረመረመ ክዳኑን ዘጋና አዲሱን ጠቅልሎ ሄደ። ሐጂ ሌላ ሹፌር ቀጠሩ። ይኼኛው ለምንም ነገር ይምላል። “ወላሂ ሞተሩ እንደ ማር ነው፣ ሐጂ።” “ወላሂ እንዲህ ዓይነት ካቴና ደሴም የለም።” ሐጂ በጣም ወደዱት። ጠዋት ጠዋት ከፊት በኩል የሚንሿሿውን ድምፅ “አመሉ ነው፣ ወላሂ” ይላቸዋል። የድሮው ሹፌር ደግሞ የአንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ መኪና ይዞ በመንገዱ ይመላለስ ጀመር። በመጋዘናችን ፊት ሲያልፍ ጥሩምባ አይነፋም፤ በአማቱ ቤት ፊት ሲያልፍ ግን ቀስ ይላል።

ያ ወር ሳያልቅ፣ ጨውና ቆዳ ጭነን ከባቲ ስንመለስ፣ የጨፋን ሜዳ እያቋረጥን ሳለ፣ በዚያ ሰሞን ሞተሩ ሞቆም የማይተወን ድምፅ ጭራሽ ጠፋ። ሐጂ ወደ እኔ ዞር ብለው “ሰማህ? ራሱ ዳነ” አሉ። ወዲያው ከፊት አንድ ጊዜ ገጭ አለ፤ የተሰበረ ብረት በቆርቆሮ ላይ ተንኳኳ፤ መኪናው በራሱ ክብደት ትንሽ ተንከባልሎ ቆመ።

አዲሱ ሹፌር ወርዶ መከለያውን ከፈተ። “ቺንጊያው ደህና ነው፣ ወላሂ” አለ። ቺንጊያው በእርግጥ ደህና ነበር፤ ይብረቀረቃል። ሞተር በእጅ የሚነሳበትን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ አስገብቶ አዞረ፤ ሞተሩ ከውስጥ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል እንጂ አልነሳም። ከላይ የተሳፈሩት ወርደው ወደ ቦርከና ውኃ ፍለጋ ሄዱ። ሐጂ በመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

“ሟርቱ ነው” አሉ።

“ካቴናው ነው፣ ሐጂ” አልኩ።

“እሱም ቢሆን ሲከፍቱት የነካኩት ነገር አለ። በጤናው ሳለ ሆዱን ለምን ከፈቱት?”

“አንቱ ነዎት ክፈቱት ያሉት።”

“እንድከፍት ያደረገኝ ማነው?”

ሙግቱ እዚህ እንዳለ ከኮምቦልቻ በኩል አቧራ ተነሳ። የድሮው ሹፌር መኪና ነው። አልፎን ትንሽ ሄደና ቆመ፤ ወረደ። አሮጌ ሞተራችንን ወደ ጎን አየት አደረገና ሰላምታ ሰጠ። ሐጂ ሰላምታውን ሳይመልሱ፣ “እዚህ መቆማችንን ማን ነገረህ?” አሉት።

“መንገዱ አንድ ነው፣ ሐጂ።”

ገመድ አወጣ። ሁለቱን መኪኖች ሲያስር ማንም አላገዘውም፤ አዲሱ ሹፌር እንደማይበጠስ እየማለ አጠገቡ ቆመ። ከዚያ አዲሱ ሹፌር የተሰበረውን መኪና መሪ እንዲይዝ ነገረውና ወደ ሐጂ ዞረ። “አንቱ ከኔ ጋር ይሁኑ። ምን እንደምሠራ እያዩ ይሄዳሉ።”

ሐጂ ተነሱ። ጋቢናው ውስጥ እሳቸው በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በመካከል ተቀመጥን። ሞተሩ ሞቆ ሳለ እንኳ ሲነሳ ከፊት በኩል ሰንሰለት በቆርቆሮ ላይ የሚጎተት ድምፅ ተሰማ። ሐጂ በደንብ አዳመጡ። በሕይወታቸው ሞተር ያዳመጡት ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ወደ ፊት እያዩ፣

“የዚህኛው ካቴና ተቀይሯል?” አሉ።

“ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ” አለ ሹፌሩ። “እያሰበበት ነው።”

ከዚያ እስከ ከሚሴ ድረስ ሐጂ እጃቸውን ከበሩ እጀታ ላይ አላነሱም። ሹፌሩ መጋዘኑ ደጃፍ ሲያደርሰን ገመዱን ፈትቶ፣ ጠቅልሎ፣ ምንም ሳይጠይቅ ሄደ። ቢጠይቅ ኖሮ ሐጂ ይገላገሉ ነበር፤ የተጠየቀ ሰው ይከራከራል። ያልተጠየቀ ግን ምን ያድርግ?

ኮምቦልቻ ያለው መካኒክ ተጠራ፤ ክዳኑ እንደገና ከሾላው ሥር ተከፈተ። ካቴናው ተበጥሶ አንዱ ጫፍ የክዳኑን ውስጥ ጠርቦት ነበር፤ ከላይም የተጣመመ ነገር ተገኘ። ደላላው አይቶ፣ “እኔ ሆዱ ተከፍቶ የዳነ ከብት አላየሁም” አለና ወደ ገበያው ሄደ። እሱ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚሁ ጸና። አዲሱ ካቴና በሐጂ ፊት ገባ። ሐጂ መካኒኩ ሲበላ ሳይቀር ይጠብቁት ነበር።

በሚቀጥለው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ሰው ከመስጊዱ ሲወጣ ሐጂ በደጃፉ ቆሙ። ሸሁም፣ ደላላውም፣ አማትየውም ነበሩ።

“ያ ጀማዓ፣ ስሙኝ” አሉ። “ያ ሹፌር ሌባ ነው። በኔ ሥራ የሰው ምሳ ይበላል። በካቴናው ነገር ግን አልዋሸም። ፍርዱ ተሳስቷል፤ ቁልፉን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በአንድ መሐላ እንዲምል የጠየቅነውም ሁለት ነገር ነበር።”

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሐጂን የሚያህል ሰው በአደባባይ ግማሽ ይቅርታ ሲጠይቅ ያየ አልነበረም፤ ሌላውን ግማሽ የሚጠብቅም አልነበረም። አማትየው ሽቅብ አይተው “አልሐምዱሊላህ” አሉ፤ ቀጥለውም፣ “ልጄ ወደ ቤቷ ትሄዳለች” አሉ።

ሐጂ ሹፌሩን እንድጠራው ላኩኝ። ከመጋዘናችን አለፍ ብሎ መኪናውን አቁሞ ጎማ ሲነፋ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ሥራውን ሳያቋርጥ ሰማኝ።

“ሁሉም ሰሙ?”

“ሰሙ።”

“አማቴም?”

“እሳቸውም። ሚስትህ ትመለሳለች።”

ቀና አለ። ፊቱን በክንዱ ጠረገ። “ሌባ ያሉትን ማንም አልተቃወማቸውም?”

“ማንም።”

“አንተስ?”

“እኔ ምን ብዬ? ምሳውን አይቻለሁ።”

ሳቀ፤ የድሮው ለፍላፊ ተመለሰ። “ሐጂን ቅዳሜ እመጣለሁ በላቸው፤ ዛሬ አይመቸኝም” አለ። እጁን በቤንዚን አጸዳ፤ ከዚያም በውኃና በሳሙና ደገመው፤ ሱቅ ገብቶ ስኳርና ቴምር አስቋጠረና መንገዱን ተሻግሮ ወደ አማቱ ቤት ሄደ።